ስምንት ይደመርበታል

አሻግሬ ዳላስ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ቢደርስም ጉልበቱ አይታማም። ከየትኛው ጌት ወደ የትኛው ጌት በስንት ደቂቃ እንደሚደረስ፣ የትኛው ሊፍት እንደሚያንገራግር፣ የትኛው መጸዳጃ ቤት ወረፋ እንደማይበዛበት አሳምሮ ያውቃል። መንገደኛ ቆም ብሎ ሲጠይቀው በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው ይመልሳል፤ መልሱ ግን ስቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእግሩ ተመላልሶ ያወቀው ነው።

ዕውቀቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህም ታሪክ ባልተነገረ ነበር።

አገር ቤት ሳለ አዳማ ውስጥ በአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ፋይል አምጣ ሲሉት ያመጣል፤ መልስ ሲሉት ይመልሳል። የመዝገብ ቁጥሮቹን በቃሉ ይዟቸው ነበር፤ መዝገቡ ውስጥ ያለውን ነገር በተመለከተ ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው አንድም አለቃ አልነበረም። ፋይሉን ተቀብለው፣ በሩን ዘግተው፣ ሲጨርሱ በጥሩምባ ድምፅ ይጠሩታል። ሚስቱ ፀደይ ዲቪ ደርሷት ዳላስ ገብተው ቪከሪ ሜዶ ውስጥ አፓርትመንት የተከራዩ ጊዜ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ጎረቤት የነበረ አንድ አዲስ ገቢ ከመሥሪያ ቤት የመጣለትን ደብዳቤ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይቺን እስቲ እዩልኝ» አለው። አሻግሬ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ ሲታገል አመሸ። ያለውም ልክ ሆኖ ተገኘ። በሳምንቱ ሌላ ሰው መጣ።

ደስ አለው፤ ምን ይደረግ። አሥራ ሰባት ዓመት ፋይል ተሸክሞ ምንም ያልተጠየቀ ሰው በስተርጅናው ሲጠየቅ ደስ ቢለው አይፈረድበትም።

ጋርላንድ ባለችው ቸርቻቸው እሑድ አምልኮ ሲያልቅ፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲታጠፍ፣ አሻግሬ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ጋ ይቀመጣል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃል። ሰዉም ፖስታውን ይዞ ይመጣል፤ የመብራት፣ የልጆች ክትባት፣ የሜዲኬይድ ሕክምና እድሳት፣ የግሪን ካርድ። አሻግሬ ወረቀቱን ይቀበልና መነጽሩን አውርዶ «ኦኬ» ይላል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ሰዉ የሚያምነው ለዚያ ዝምታው ነው። ሐሰት መናገር አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ጠቅሟል። አንድም ቀን ለቡና እንኳ አልተቀበለም። ግን ደግሞ ሰው በተጠየቀ ቁጥር የሚያውቀው ነገር የሰፋ ይመስለዋል። ያላነበበውንም ያነበበ፣ ያልደረሰበትንም የደረሰበት ይመስለዋል። ፀደይ አንዳንዴ «አሁን ይሄን እንኳ ለሎየር ብትተወው ምናለ» ስትለው «ሎየር ምን ያውቃል? የኛን ሰው ነገር የሚያውቀው የኛ ሰው ነው» ይላታል።

ሸዋረገድ ከእነዚያ ፖስታ ይዘው ከሚመጡት አንዷ ነች። ኧርቪንግ ውስጥ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። አዳማ ሳለች ከዳላስ የሄደ ሰው አግብቶ አመጣት፤ ሰውየው ግን ልጅ እንዳለሽ ረስቼዋለሁ ባይ ነበር። ማህደር የምትባለውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን እህቷ ቤት ትታ፣ «ተደላድዬ እወስድሻለሁ» ብላ መጣች። ባልየው ሦስት ዓመት እንኳ አልቆየም፤ ተለያዩ። ሸዋረገድ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው። ሲቲዝን መሆን፣ ከዚያ ልጇን ማምጣት።

ለሲቲዝንነቱ ፈተና ያስጠናት አሻግሬ ነው። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። መቶውን ጥያቄ በአማርኛ ፊደል በካርድ ላይ ጽፋ አንሶላ በምትጭንበት ጋሪዋ ላይ እየለጠፈች፣ ክፍል እያጸዳች ታነበንባለች። እሑድ እሑድ ያቺ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ስትስት አይቆጣም። ሰኔ 2016 ላይ አለፈችና የዜግነት ቃለ መሐላዋን ፈጸመች። በዚያው ሳምንት እሑድ ነጭ ልብሷን ለብሳ መጣች።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ሲቲዝን ሆኛለሁ። አሁን የማህደርን ፋይል ማድረግ እችላለሁ አይደል? ሀያ አንድ ሳይሞላት ነው ይላሉ ሰዎች።»

«ትክክል ነው። ሀያ አንድ ሳይሞላት ካስገባሽ እንደ ትንሽ ልጅ ነው የሚያዩአት፤ ወረፋ የለባትም» አላት። ይህን ልክ ነበር ያለው። «መቼ ነው የተወለደችው?»

«ህዳር አሥራ ሁለት፣ ዘጠና ስድስት።»

አሻግሬ እስክሪብቶ አወጣ። ፖስታ ገለበጠና ጀርባው ላይ 1996 ብሎ ጻፈ። «ዛሬ አገር ቤት ስንተኛው ዓመት ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«እዚህስ?»

«ሀያ አራት።»

«ስለዚህ ስምንት ይደመርበታል» አለ። ደመረው። «ሁለት ሺህ አራት። ህዳር ማለት ኖቬምበር ነው። ሶ ሀያ አንድ የሚሞላት የዛሬ ዓመት ኖቬምበር ነው። ገና አንድ ዓመት ከአምስት ወር አለን። ተረጋግተን እንሠራዋለን።»

ሸዋረገድ ከጠረጴዛው ሥር ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥር ነበር። «እኔ ግን በዚህ ህዳር ይሞላታል ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ማለቴ፣ መስከረም ሲጠባ አሥራ ሰባት ይገባል። ከዘጠና ስድስት እስከ አሥራ ሰባት ሀያ አንድ ነው።»

«እሱ በኛ ነው ሸዋዬ።»

«በፈረንጅ ይለያል?»

«ፈረንጅ በኛ አይቆጥርማ» አላት እየሳቀ።

ሰው በየትኛውም አቆጣጠር ቢቆጠር የኖረው የኖረው ነው። አዳማ ላይ ሀያ አንድ ሆኖ ዳላስ ላይ ሀያ የሚሆን ሰው የለም። ስምንቱም ቢሆን የሚሠራው ፈረንጅ ዓመት ከለወጠ በኋላ ለተወለደ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው። አሻግሬ የራሱንና የፀደይን ልደት ለውጦ ያውቃል፤ እሱ ሚያዝያ፣ እሷ ግንቦት ነው የተወለዱት። ለሁለቱም ስምንት ሠርቶላቸዋል። ሰባት የሚሉትን ሰዎች ይሰማል፤ ያልገባቸው ይመስሉታል። የሸዋረገድ ቁጥር ግን አስተማሪም ፖስታም የማይፈልግ ቁጥር ነበር፤ በጣቷ አግኝታዋለች። ችግሩ የእሱ በእስክሪብቶ የተጻፈ መሆኑ ነው። መቶ ጥያቄ ካስጠናት ሰው ጋር በጣቷ ልትከራከር አልቻለችም። «ኦኬ» አለችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ የልደት ወረቀቱ ነገር መጣ። አሻግሬ ኦሪጅናሉ በእጃቸው ሳይገባ ማመልከት አይቻልም አለ። ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፤ መዝገብ ቤት ኮፒ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ይመለስ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም። ማህደር ክረምቱን ወረዳ ስትመላለስ ከርማ ጥቅምት ላይ ወረቀቱን አወጣች። ለእናቷም «ፎቶ አንስቼ ልላክልሽ?» አለቻት። ሸዋረገድ አሻግሬን ጠየቀች።

«እንዳትልክ» አላት። «እንዲህ ያለ ወረቀት በስልክ አይላክም፤ የሰው እጅ ይገባል። የትምወርቅ ለገና ትሄድ የለ? በእሷ እጅ ይምጣ። ምን ያስቸኩለናል?»

የትምወርቅ ሮውሌት የምትኖር የቸርቹ ነርስ ናት። ጥር ማለቂያ ላይ ተመለሰችና እሑድ ዕለት ካኪ ፖስታውን በሸዋረገድ እጅ ላይ አኖረችው። ሸዋረገድ ሳትከፍተው ወደ ጠረጴዛው አመጣችው። ራሷ ብትከፍተውም እንግሊዝኛውን የምታነበው ፊደል በፊደል ነው።

አሻግሬ መነጽሩን አወረደ። ወረቀቱ በሁለት ዓምድ ነበር፤ በግራ በአማርኛ፣ በቀኝ በእንግሊዝኛ። በቀኝ ያለው ኖቬምበር 22፣ 2003 ይላል። ደግሞ አየው። መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ «እነዚህ የወረዳ ልጆች ተሳስተዋል» የሚል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት የሠራበትን ዓይነት ቤት ሲወቅስ ለአንድ አፍታ ትንፋሽ አገኘ።

«ምነው ጋሼ፣ ስህተት አለው?»

«የለውም። ቤት ወስጄ ረጋ ብዬ ልየው።»

ሸዋረገድ አመስግናው ሄደች።

ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ቆጠረ። በፖስታ ጀርባ ሳይሆን በጣቱ ነበር የቆጠረው። ከዘጠና ስድስት ህዳር ጀምሮ አንድ፣ ሁለት እያለ ሄደ፤ ያለፈው ህዳር ላይ ሲደርስ ሀያ አንድ ሆነ። ደግሞ ከ2003 ጀመረ፤ ያለፈው ኖቬምበር ላይ ሀያ አንድ ሆነ። በኛም በእነሱም ያው ነው። ሁለት ወር አልፏታል። ጥቅምት ላይ ያ ፎቶ መጥቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ወር ሙሉ ነበራቸው።  ፀደይ ራት አቅርባ ብትጠራው አልሰማትም።

ሐሙስ ዕለት ከሺፍቱ ወጥቶ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቦታ ሄደ። ቪከሪ ሜዶ ውስጥ ነው፤ በራሪ ወረቀቱ አፓርትመንቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለዓመታት በአጠገቡ ሲያልፍ ኖሯል። ቁጥር ወስዶ ተቀመጠ። ከፊቱ የነበረው መኳንንት የሚባል፣ መጋዘን የሚሠራ ጎረቤቱ ነበር፤ አምና የግሪን ካርዱን እድሳት የሞላለት አሻግሬ ነው።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ለትርጉም መጥተው ነው?» አለው መኳንንት ቦታ እየለቀቀለት።

«አዎ» አለ አሻግሬ።

ጠበቃዋ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ልጅ ነበረች። ወረቀቱን አየች። እናትየው ሲቲዝን የሆነችበትን ቀን ጠየቀችው። ነገራት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዲገባው ብላ ቀስ እያለች ተናገረች። ማመልከቻው ከልደቷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንኳ ገብቶ ቢሆን ዕድሜዋ በሕግ ፊት እዚያው ላይ ይቆም ነበር። ኮፒ ይበቃ ነበር፤ እንዲያውም ማመልከቻው ቀድሞ ገብቶ ወረቀቱ በኋላ ሊላክ ይችል ነበር። አሁን ግን የጎልማሳ ልጆች ወረፋ ውስጥ ነው የምትገባው፤ ስምንት ዘጠኝ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። እስከዚያ ድረስም ማግባት የለባትም፤ ካገባች ወረፋው ይብስ ይረዝማል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እናትየዋ ታውቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኳት። ይህን ጽፌ ብፈርምስ?»

ጠበቃዋ ወረቀቱን መለሰችለት። «ኢሚግሬሽኖቹ ማን እንደነገራት አይጠይቁም» አለችው።

ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄዶ ሳይሳፈር ተመለሰ። የት እንደሚሄድ አላወቀም ነበር። ያስጨነቀው ነገር ብዙ ነው፤ የባሰበት ግን የሚጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነበር።

ማክሰኞ ሸዋረገድ ዕረፍት ናት። ሺፍት ተቀያይሮ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኧርቪንግ ቤቷ ሄደ። ደስ ብሏት ተቀበለችው። በሁለተኛው ክፍል ለማህደር የተዘረጋውን አልጋ ሳያይ ማለፍ አልቻለም፤ ፍራሹ ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ይቀመጡ ብትለው አልተቀመጠም።

«ሸዋዬ፣ ተሳስቻለሁ» አላት።

ሁሉንም ነገራት። ሳያሳጥር፣ ራሱንም ሳያድን ነገራት። ሸዋረገድ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማችው። ሲጨርስ ቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው።

«ሶ እኔ የቆጠርኩት ልክ ነበር ማለት ነው?»

«ልክ ነበር።»

«ልክ ነበርኩ» አለች እንደገና፤ ማመን ያቃታት ትመስል ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አልኩ?»

«ዝም ያሰኘሁሽ እኔ ነኝ።»

«አይ፤ እርስዎማ የሚያውቁትን ነው የነገሩኝ። እኔ ነኝ እንጂ። የወለድኩት እኔ፣ ያማጥኩበትን ቀን የማውቀው እኔ።»  አሻግሬ ብትሰድበው፣ ከቤቴ ውጣ ብትለው ምንኛ በወደደ። እሷ ግን ወንበር ስባ አቀረበችለት።

«አሁን ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ሎየሯ ያለችው ይኸው ነው። አስገብተን መጠበቅ።»

«እሷስ አለች። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አሻግሬ ዝም አለ። ሸዋረገድም ጠበቀችው፤ እሑድ እሑድ ያቺ ጠረጴዛ ጋ እንደምትጠብቀው፣ ዝምታው ሲያልቅ መፍትሔ ይዞ የሚመጣ መስሏት ጠበቀችው። እሱ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም። ይህን ልትረዳለት አልቻለችም፤ እሱም የሚያስረዳበት መንገድ አላገኘም። «የምለው የለኝም» ሲላት የተቀየማት መስሏት ፊቷን ዝቅ አደረገች።

ስልኳ ጠራ። ማህደር ነበረች፤ እናቷ ዕረፍት የምትሆንበትን ቀን ታውቃለች። አዳማ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ሸዋረገድ ስልኩን አየችውና ለአሻግሬ ዘረጋችለት።

«እርስዎ ንገሩልኝ። እኔ አፌ አይችልም።»

ያዘው። ስክሪኑ ላይ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ታየችው። እናቷን ስትጠብቅ እሱን ስታይ ፈገግ አለች። «ውይ፣ ጋሽ አሻግሬ ነዎት አይደል? እማዬ ዘወትር ስለ እርስዎ ነው የምታወራው። ወረቀቱ ደረሰ? መቼ ነው ታዲያ የምመጣው?»

ነገራት። በዚህኛው ጊዜ ቃላቱ ይበልጥ አጭር ሆኑ። ሀያ አንድ ሞልቶሻል፣ ጊዜው አልፏል፣ ዓመቱን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ። ስምንት ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ አለብሽ አላት። ሸዋረገድ ወጥ ቤት ገብታ የቧንቧ ውሃ ከፈተች።

 ሲግናሉ የቆመ መስሎት ስልኩን ጠጋ አደረገው። አልቆመም ነበር፤ ማህደር እያየችው ነበር።

«ህዳር ላይ እኮ የልደቴን ኬክ ፎቶ ልኬ ነበር» አለችው። አልተቆጣችም፤ ሊገባት ፈልጋ ነው የጠየቀችው። «ሁለትና አንድ ቁጥር ሻማ ሰክተንበት። እማዬ ለቸርች ሰው ሁሉ አሳይቼዋለሁ ብላኛለች። ለእርስዎ አላሳየችዎትም?»

አሳይታዋለች። አምልኮ ካለቀ በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ በዚሁ ስልክ ነው ያሳየችው። ሻማዎቹን በሁለት ጣቱ አጉልቶ አይቷቸው ነበር። «በኛ ማክበሯ ነው፤ እዚህ ስትመጣ ደግሞ በፈረንጁ ታከብራለች» ብሏት ነበር፤ ሁለቱም ስቀው ነበር።

«አሳይታኛለች ልጄ» አላት።